ከዱለስ ቦሌ፦ ስለ ትኬትና ስለ ማረፊያ ጥቂት ወሬ

የማኅበራችን ሊቀመንበር "ስለ ርካሽ ትኬት አንድ ነገር በልልን" ሲሉኝ "ለመቼ?" ብዬ ጠየቅኳቸው። ሳቁ። እኔ ግን ቀልዴን አልነበረም። እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አሥራ አንድ ዓመት ትኬት ስቆርጥ ኖሬአለሁ። አሁን ሥራውን ስለተውኩት የምሸጥላችሁ ነገር የለኝም፤ እንደ ልቤ እናገራለሁ። በነዚያ ዓመታት የሚደውልልኝ ሰው ሁሉ "ስንት ነው?" ይለኛል እንጂ "መቼ ብሄድ ይሻለኛል?" ያለኝ በጣት የሚቆጠር ነው። ገንዘቡ ያለው ግን እዚያች ሁለተኛዋ ጥያቄ ውስጥ ነው።

የኛ ሰው የሚሄደው ሁለት ጊዜ ነው። አንዱ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ከጁን አጋማሽ ጀምሮ። ሌላው ከፈረንጆች ገና ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ተነሥቶ የኛን ገናና ጥምቀትን አክብሮ ለመመለስ። ተማሪ ልጅ ያለው ሰው ምርጫ የለውም፤ አልፈርድበትም። ልጆቹን ለቁም ነገር ያበቃ፣ ጡረታ የወጣ ሰው ግን በጁላይ፣ ያውም ዶፍ እየወረደ፣ ውድ ትኬት ገዝቶ ለምን እንደሚሄድ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ከመስቀል በኋላ በኦክቶበርና በኖቬምበር ሰማዩ ጠርቶ፣ ሜዳው አረንጓዴ ሆኖ፣ አውሮፕላኑም ወንበር ተርፎት ታገኙታላችሁ። ፌብሩዋሪና ማርችም እንደዚያው ናቸው። በእነዚህ ወራት ደግሞ ቅዳሜና እሑድን ትታችሁ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ መነሣት ከቻላችሁ ልዩነቱን ራሳችሁ ታዩታላችሁ።

አሁን ልጅ ላላችሁት። አንድ ቀን አባወራው፣ ባለቤቱና ሦስት ልጆቻቸው ቢሮዬ መጥተው ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥን። ሰውየው ተቆጥቷል። "ትናንት ማታ ቤት ሆኜ ሳየው ዋጋው ይህ አልነበረም፤ ደጋግሜ ስላየሁት ጨመረብኝ" ይላል። ይህን ወሬ ሁላችሁም ሰምታችኋል። እኔ ዋጋ ሲጨምር ያየሁት ርካሹ ወንበር ሲያልቅ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ የኢኮኖሚ ወንበር ሁሉ ዋጋው አንድ አይደለም። አየር መንገዱ በፊደል ይከፋፍለዋል፤ ለእያንዳንዱ ፊደል የተወሰነ ወንበር ይመድባል፤ የርካሹ ፊደል ወንበር ሲሸጥ ቀጣዩ፣ ውዱ ይከፈታል። ሰውየው ማታ ያየው ለአንድ ሰው ነበር። እኔ ዘንድ ሲመጣ ያስፈለገው አምስት ነው። በርካሹ ፊደል ግን የቀረው ሦስት ወንበር ብቻ ሆኖ ተገኘ። አምስት ብላችሁ ስትጠይቁ ሲስተሙ ሦስቱን በርካሽ፣ ሁለቱን በውድ አይሰጣችሁም። አምስቱን አንድ ላይ ወደ ላይኛው ዋጋ ያወጣቸዋል።

ስለዚህ እናትን ከሁለቱ ትንንሾች ጋር በአንድ ቆረጥን፤ አባትን ከትልቁ ልጅ ጋር በሌላ። ከዚያ አየር መንገዱ ጋ ደውለን ሁለቱን ቡኪንግ አያያዝናቸው፤ በረራ ቢቀየር ቤተሰቡ እንዳይበታተን። ሌላ ጥበብ አልነበረውም። እናንተም ቤታችሁ ስትፈልጉ መጀመሪያ ለአንድ ሰው፣ ከዚያ ለሁለት፣ ከዚያ ለሁላችሁ እየጨመራችሁ እዩት። ዋጋው የት ላይ እንደሚዘል ያሳያችኋል። ደግሞ ሕፃን ያላችሁ፦ ጭን ላይ ተቀምጦ በትንሽ ገንዘብ የሚሄደው ሁለት ዓመት ያልሞላው ነው። አገር ቤት ሳለ ሁለት ዓመት የሚሞላው ከሆነ ለመመለሻው የራሱ ወንበር ያስፈልገዋል።

ወደ መንገዱ ልለፍ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከዱለስ አየር ማረፊያ ያለማረፍ ቦሌ የሚገባ በረራ አለው። ሲመለስ ግን መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ይሞላል። "ቀጥታ ነው ብለኸኝ!" ብለው የተቆጡኝ ብዙ ናቸው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው፤ አየሩ ስስ ነው። ሙሉ ሰው፣ ሙሉ ጭነትና ለዚህ ሁሉ መንገድ የሚበቃ ነዳጅ ይዞ እዚያ መነሣት ለአውሮፕላኑ ይከብደዋል፤ ወደዚህ ሲመጣ ደግሞ ነፋሱ ፊት ለፊት ነው። የማንም ተንኮል የለበትም።

በኢስታንቡል፣ በዱባይ፣ በዶሃ ወይም በፍራንክፈርት ዞሮ መሄድ አንዳንዴ ይረክሳል። ይሁንና ሦስት ነገር ደምሩ። የመጀመሪያው ኪሎ ነው፤ ስንት ሻንጣ እንደተፈቀደ ሳታዩ አትክፈሉ። ሻንጣውን ለራሳችሁ የምትይዙት እንዳይመስላችሁ፤ ግማሹ የጎረቤት አደራ ነው። ሁለተኛው፣ ጎንደር ወይም ላሊበላ የምትቀጥሉ ከሆነ፣ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ከውጭ ለገባ መንገደኛ የአገር ውስጥ በረራው በቅናሽ ይቆረጥለታል። በሌላ ከገባችሁ ይህ ይቀርባችኋል፤ ዱባይ ላይ ያተረፋችሁት ላሊበላ ላይ ይሄዳል።

ሦስተኛው ትራንዚት ነው፤ እዚህ ላይ ልቆይ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው በሼንገን አገሮች አውሮፕላን ለመቀየር ብቻ እንኳ፣ ከአየር ማረፊያው ሳይወጣ፣ የትራንዚት ቪዛ ያስፈልገዋል። ግሪን ካርድ ያለው፣ ወይም የጸና የአሜሪካ ቪዛ ይዞ ወደዚህ የሚመጣ ከዚህ ነፃ ነው። ታዲያ ኢንተርኔት ላይ ሁለት ለየብቻ የተቆረጡ ትኬቶችን ሰፍተው በርካሽ የሚሸጡ አሉ። ሻንጣችሁ እስከ መጨረሻው ላይሄድ ይችላል፤ እዚያ ወጥታችሁ ተቀብላችሁ እንደገና ማስመዝገብ አለባችሁ። መውጣት ማለት ደግሞ አገሩ መግባት ነው፤ ለዚያ ግሪን ካርድ አያድንም። የመጀመሪያው በረራ ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጣችሁም ሁለተኛው አየር መንገድ አያውቃችሁም።

እናቶችን የምታስመጡ፣ ቋንቋ ለማይችሉት ሲቆረጥ ዊልቸር አስመዝግቡ። ነፃ ነው። "እኔ እግሬ ደኅና ነው፣ ምን አድርጊ ትሉኛላችሁ?" ይላሉ፤ የኔም እናት ብላኛለች። ዊልቸሩ ግን ለእግር ብቻ አይደለም። የሚገፋው ሠራተኛ ከበር እስከ በር፣ ኢሚግሬሽኑንም ሻንጣውንም ይዞ ያልፋቸዋል። ስሙንም ከፓስፖርቱ ላይ በፊደል በፊደሉ ገልብጡ። ፀሐይ የሚለውን ስም አንዱ በቲ፣ ሌላው በቲ ኤስ ይጽፈዋል፤ መመዝገቢያው ጋ ያለችው ልጅ ይህን አታውቅላችሁም።

አሁን ያንገበገበኝን ልንገራችሁ። ሥራውን ከመጀመሬ በፊት ለእናቴ ትኬት ያስቆረጥኩት ከአንድ ሰው ነበር፤ ስሙን አልጠራም። ገንዘቡን በጥሬው ከፈልኩ፤ ባለ ስድስት ፊደልና ቁጥር ኮድ የተጻፈበት ወረቀት ሰጠኝ። እናቴ ቦሌ ደርሳ "ስምዎ አለ፣ ትኬት ግን የለም" ተባለች። ቡክ ተደርጎ ነበር እንጂ አልተቆረጠም! ቡክ ማድረግ ወንበር መያዝ ነው፤ ሳይከፈልበት ቀኑ ሲያልፍ ይሰረዛል። ትኬት ተቆረጠ የሚባለው ባለ 13 አሃዝ ቁጥር ሲወጣለት ነው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሆነ በ071 ይጀምራል። ያን ቁጥር ሳታዩ ከሰውየው ፊት አትነሡ። ኮዱንም በዚያው ደቂቃ በአየር መንገዱ ድረ ገጽ አስገብታችሁ ስማችሁን እዩ። በተቻለ መጠን በካርድ ክፈሉ፤ ጥሬ ገንዘብ ክርክር አያውቅም።

ከራሱ ከአየር መንገዱ ከገዛችሁ ደግሞ የአሜሪካ ሕግ አንድ ነገር ይሰጣችኋል። ጉዞው ሰባት ቀንና ከዚያ በላይ ከቀረው፣ በገዛችሁ በ24 ሰዓት ውስጥ ብትሰርዙ ገንዘባችሁ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል፤ ወይም አየር መንገዱ ሳትከፍሉ ለ24 ሰዓት ዋጋውን ይይዝላችኋል። በኤጀንት ከሆነ ግን ይህ ግዴታ የለበትም፤ ስለዚህ ጠይቁ። ደርሶ መልስ ቆርጣችሁ መሄጃውን ሳትበሩ ብትቀሩ መመለሻውም አብሮ እንደሚሰረዝ እወቁ። ይህን ሳያውቁ ዱባይ ላይ ተሰልፈው ያለቀሱ አውቃለሁ።

ማረፊያው ላይ አጭር ልሁን። አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ማረፍ ነፃ የሚመስለው ለማያውቅ ነው፤ በስጦታና በግብዣ ይወጣል። ከሁለት ሳምንት በላይ የምትቆዩ ከሆነ ዕቃ የተሟላለት አፓርታማ በወር መከራየት ከሆቴል ይረክሳል። ሁሉን ከዚህ ሆናችሁ አትጨርሱ። የመጀመሪያዎቹን ሦስትና አራት ሌሊት ብቻ ያዙና የቀረውን ደርሳችሁ በዓይናችሁ አይታችሁ ተዋዋሉ። ፎቶ አይቶ ለደላላ ቀብድ የላከ ሰው፣ ካዛንቺስ ያለው ቤት በኮሪደር ልማት ፈርሶ መንገድ ሆኖ ጠብቆታል። መታመን ያለበት ቤቱን ሄዶ ያየው የእህታችሁ ልጅ ነው።

እሱንም ስትልኩት "ቤቱ ያምራል ወይ?" አትበሉት። ሮቶ አለ ወይ? ውኃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ሊፍቱን ያንቀሳቅሳል ወይስ የደረጃውን አምፖል ብቻ? ስድስተኛ ፎቅ ላይ ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት ይዛችሁ ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ኪራዩ በብር ነው በዶላር? ከጁላይ 2024 ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የድሮ የብር ዋጋ ይዞ መደራደር አያዋጣም። የደላላውን ኮሚሽን ማን እንደሚከፍልም አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ዜግነት የቀየራችሁ፣ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ቢጫ ካርድ የምንለውን ካወጣችሁ በየጊዜው ቪዛ መክፈል ይቀርላችኋል። የጸና መሆኑን ግን ከመነሣታችሁ በፊት ተመልከቱት። ፓስፖርታችሁም ቢያንስ ስድስት ወር የቀረው ይሁን። አሁን ቡናው ደርሷል፤ ለዲሴምበር ትኬት ያልቆረጠ ካለ እዚህ እኔ አጠገብ ይቀመጥ፣ በስልኩ አብረን እናያለን።