ቤት ለመከራየት የኃይል ሰርተፍኬት ያስፈልጋል?
(በሰንጋ ተራ በተደረገው የአባላት ወርሃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ አንዲት አባላችን ጥያቄ አንስታ ነበር። እንግሊዝ አገር ያለችው ልጇ ቤት ስትከራይ የቤቱ የኃይል ብቃት ሰርተፍኬት የሚባል ወረቀት ሰጧት። «እኛስ እንዲህ ያለ ወረቀት በሕግ እንጠየቃለን?» አለችን። መልሱ አጭር ነው፤ አንጠየቅም። ነገሩ ግን ኪሳችንን ስለሚነካ ዘርዘር ላድርገው።

የአውሮፓ ኅብረት ቤት ሲሠራ፣ ሲሸጥ ወይም ሲከራይ ይህ ሰርተፍኬት እንዲኖር መመሪያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። በእንግሊዝ ቤቱ ከኤ እስከ ጂ ደረጃ ይሰጠዋል፤ ወረቀቱ 10 ዓመት ያገለግላል። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ደግሞ ከኢ በታች የሆነን ቤት በልዩ ምክንያት ካልሆነ በቀር እንደ አዲስ ማከራየት ተከልክሏል። እዚያ ብርዱ ከባድ ስለሆነ ገንዘቡን የሚበላው ቤት ማሞቂያው ነው። ስለዚህ ግድግዳው፣ ጣሪያውና መስኮቱ ይመረመራሉ።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የሚጠይቀን ሌላ ነው። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ ይመዝገብ፣ ከሁለት ዓመት አይነስ፣ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር አይብለጥ ይላል። የኃይል ሰርተፍኬት አይጠይቅም። ስለዚህ ማንም «ያለዚህ ወረቀት ማከራየት አይቻልም» ብሎ ገንዘብ ቢጠይቃችሁ አትስጡ።

ስለ ኃይል ቁጠባ ሕግ የለም ማለት ግን አይደለም። የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 የኃይል ብቃትን የሚከታተል ባለሥልጣን አቁሟል፤ ሥራው ዛሬ በነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ሥር ነው። ትኩረቱም ከቤቱ ይልቅ በዕቃው ላይ ነው፤ የኤሌክትሪክ ምጣድም አንዱ ነው። ይህ ለእኛ አገር የሚስማማ ይመስለኛል፤ የእኛን ቆጣሪ የሚያሯሩጠው ምጣዱ ነውና።

እስቲ እናስላው። አንድ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይወስዳል። በሳምንት ሁለት ቀን፣ በየቀኑ ሁለት ሰዓት የምትጋግር ሴት በወር 56 ኪሎዋት ሰዓት ትጠቀማለች። የታሪፉ ዝቅተኛ እርከን 50 ላይ ያበቃል። ምጣዱ ብቻውን አሻገራት ማለት ነው። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ታሪፉ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ስለሆነ ልዩነቱ ይሰማናል።

አራት እህቶች በአንድ ቀን ተከታትለው በአንድ ምጣድ ቢጋግሩ፣ ምጣዱን ከቅዝቃዜው የማጋሉ ወጪ አንድ ጊዜ ብቻ ይሆናል። ጥሩ ነው። ነገር ግን ፍጆታው ሁሉ በአንዷ ቆጣሪ ላይ ይወድቃል፤ ፍጆታ ሲጨምር ደግሞ የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል። ስለዚህ ባለቆጣሪዋ ብቻዋን እንዳትጎዳ፣ ከመጀመሩ በፊትና በኋላ ቆጣሪውን አንብቡ፤ ተጨማሪውን ተካፈሉ።

በጋራ ቆጣሪ ለምትኖሩም ምክሬ ተመሳሳይ ነው። ሒሳቡ በሰው ቁጥር ሲከፈል፣ አንድ አምፖል ብቻ የምታበራ አሮጊት የሌላውን ምጣድ ትከፍላለች። የመብራት ሒሳቡ እንዴት እንደሚካፈል በኪራይ ውሉ ውስጥ ይጻፍ፤ ቢቻል በየቤቱ መቁጠሪያ ይግባ። ከካዛንቺስ ተነሥታችሁ ገላን ጉራና ሌላም ቦታ የገባችሁ እህቶቻችን፣ ቤት ስትረከቡ ቆጣሪው ላይ ያለውን ቁጥር ቀኑን ጠቅሳችሁ መዝግቡ። ያለፈው ሰው ዕዳ እንዳይተርፋችሁ «ሳይቃጠል በቅጠል» ይባላል።

አዲስ ምጣድ ስትገዙ የሚወስደውን ዋት ጠይቁ፤ ሽቦውና ክዳኑ ደህና መሆኑን እዩ። ክዳኑ ካልገጠመ ሙቀቱም ብሩም አብሮ ይተናል።

ለሚቀጥለው ስብሰባ ሁላችሁም የሦስት ወር የመብራት ደረሰኝ ይዛችሁ ኑ። አንድ ላይ ዘርግተን እናየዋለን፤ የጋራ ቆጣሪ ላላቸው አባሎቻችንም የአከፋፈል ስምምነት እዚያው እንጽፋለን።