ሊንዳ የያዘችው ሂሳብ
(በማኅበራችን የአባላት ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



የፕሮግራም ኮሚቴው ስለ ቤተሰብ ገቢና ወጪ አያያዝ እንድናገር ጋብዞኛል። የሂሳብ ሠራተኛ እንደመሆኔ የሚጠበቅብኝ ሠንጠረዥ ሠርቼ መምጣት ነበር። እኔ ግን ይዤላችሁ የመጣሁት አንድ የቲያትር ሰው ነው። ከእሱም ይልቅ ሚስቱን።

ሰውየው ዊሊ ሎማን ይባላል። የፈጠረው አሜሪካዊው ጸሐፌ ተውኔት አርተር ሚለር ነው። ተውኔቱ «የሻጩ ሞት» ይሰኛል፤ እ.ኤ.አ. በ1949 ኒው ዮርክ ውስጥ ለመድረክ በቃ፣ በዚያው ዓመትም የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ። የአሜሪካ ነገር ምን ያደርግልናል የምትሉ ትኖራላችሁ። ሚለር ራሱ በ1983 ቤጂንግ ሄዶ ከቻይና ተዋናዮች ጋር አዘጋጅቶታል፤ ተዘዋዋሪ ሻጭ በማይታወቅበት አገር የነበረው ተመልካች አባትየውንም ልጆቹንም አላጣቸውም።

ዊሊ ዕድሜው ከስድሳ ያለፈ ተዘዋዋሪ ሻጭ ነው። ለአንድ ድርጅት 36 ዓመት ሠርቷል። መኪናውን እየነዳ ቦስተንና ፕሮቪደንስ ድረስ ይሄዳል፤ ብሩክሊን ወዳለው ቤቱ ደክሞት ይመለሳል። ሁለት ትልልቅ የናሙና ሻንጣዎች ይዞ ይገባል፤ ውስጣቸው ምን እንዳለ ግን እስከ መጨረሻው አይነገረንም። በወጣትነቱ ዴቭ ሲንግልማን ስለሚባል የ84 ዓመት ሻጭ አውቆ ነበር። ሽማግሌው ከሆቴል ክፍሉ ሳይወጣ፣ ነጠላ ጫማውን አጥልቆ፣ በስልክ ብቻ ይሸጣል። ሲሞት በመቶ የሚቆጠሩ ሻጮችና ገዢዎች ቀበሩት። ዊሊ ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ ያለ ቀብር ሲመኝ ኖረ። ይህን ምኞት ለዕድር አባል ማስረዳት አያስፈልገኝም። ነገር ግን የ84 ዓመት ሰው ጡረታ ሳይወጣ ለምን አሁንም ይሸጣል ብሎ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀም።

ሰው ከወደደህ አታጣም ብሎ ያምናል። ልጆቹን ቢፍንና ሃፒን ያሳደገውም በዚሁ ነው።

አሁን ወደ ሙያዬ ልግባ። ልጆቹ ገና ወጣት በነበሩበት ዘመን ዊሊ ከመንገድ ይመለሳል። ፕሮቪደንስ ላይ 500 ግሮስ፣ ቦስተን ላይ 700 ግሮስ ሸጥኩ ይላል። (አንድ ግሮስ አሥራ ሁለት ደርዘን ነው።) ሚስቱ ሊንዳ ከሽርጧ ኪስ እርሳስና ወረቀት ታወጣና ኮሚሽኑን ታሰላለች፤ 212 ዶላር። ደስታዋን ማየት ነው። ዊሊ ግን ወረቀቱን ሲያይ ይጨንቀዋል። ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ጠቅላላው ወደ 200 ግሮስ ገደማ ሆኖ ያርፋል። ቦስተን ላይ ሦስት መደብሮች ለንብረት ቆጠራ በከፊል ተዘግተው ነበር ይላል። ሊንዳ ትሰርዝና እንደገና ትሠራለች፤ 70 ዶላር ከጥቂት ሳንቲም። በጣም ጥሩ ነው ትለዋለች።

በነገራችን ላይ ሁለቱ ስሌቶች አይገጥሙም። በመጀመሪያው መጠን ከሄድን 200 ግሮስ የሚያስገኘው 35 ዶላር ገደማ ነው። ወይ ሚለር ለቁጥር ግድ አልነበረውም፣ ወይ ሊንዳ ባሏን ላለማሳፈር ጨምራለታለች። ሁለተኛው ቢሆን ደስ ይለኛል፣ ማስረጃ ግን የለኝም።

ቀጥላ ዕዳውን ትቆጥራለች። ለፍሪጁ 16 ዶላር፤ ቺንጋው ተበጥሶ ስለነበር የጥገናው 1 ዶላር ከ80 ሳንቲም ታክሎበት ነው። ለልብስ ማጠቢያው 9 ከ60። ለምንጣፍ መጥረጊያው ማሽን 3 ከ50። ለጣራው የቀረ 21። የመኪናውን ካርቡሬተር ለሠራው ሰው 3 ከ50። ከዚያ ጥቃቅኑን አንድ ላይ አድርጋ፣ እስከ ወሩ 15 ድረስ ወደ 120 ዶላር ያስፈልገናል ትላለች።

እኔ ቁጭ ብዬ ደመርኩት። በስማቸው የተጠሩት ዕዳዎች 53 ዶላር ከ60 ሳንቲም ናቸው። የቀረው 66 ዶላር ገደማ «ልዩ ልዩ» ነው። ከግማሽ በላይ ልዩ ልዩ! እንዲህ ያለ ሂሳብ ባቀርብ የማኅበራችን ኦዲተር ወደ ቤቴ የምትልከኝ አይመስለኝም።

ይህን ያነሳሁት ሊንዳን ለመንቀፍ አይደለም። እሷ በዚያ ቤት ቁጥር የማትፈራ ብቸኛዋ ሰው ናት። ካልሲዋ ሲቀደድ እየጠቀመች ትለብሳለች። ዊሊ ደግሞ ቦስተን ላለች ሌላ ሴት አዲስ ካልሲ በስጦታ ይሰጣል። ያ ወጪ በሊንዳ ወረቀት ላይ በየትኛው መስመር ይገባል? በየትኛውም አይገባም። ባል የሚያመጣውን ብቻ የምትመዘግብ ሴት መጽሐፏ ሁልጊዜ ጎዶሎ ነው፤ የእሷ የእጅ ጽሑፍ የቱንም ያህል ቢያምር።

ዓመታት ያልፋሉ። ዊሊ ያረጃል፤ ድርጅቱ ደመወዙን ያስቀርና በኮሚሽን ብቻ ያሠራዋል። ጎረቤቱ ቻርሊ በየሳምንቱ 50 ዶላር ያበድረዋል፤ ዊሊ ገንዘቡን ለሊንዳ ደመወዝ ነው ብሎ ይሰጣታል። ሊንዳ ታውቃለች። ማወቋን ለልጆቿ ትነግራለች እንጂ ለእሱ አትነግረውም። ከዚህ የባሰም ታውቃለች። ምድር ቤት ውስጥ ሕይወቱን ሊያጠፋበት የደበቀው የጎማ ቱቦ አግኝታለች። በየቀኑ ታነሳዋለች፣ እሱ ሲመጣ ደግሞ ላለማዋረድ መልሳ ታስቀምጠዋለች። ይህን ክፍል ያነበብኩት የቢሮ ምሳ ሰዓት ላይ ነበር፤ ምሳዬን ሳልጨርስ ተመለስኩ።

ዊሊ መንገዱ ሲከብደው ከተማ ውስጥ ሥራ እንዲሰጠው የድሮ አለቃውን ልጅ ሃዋርድን ይለምናል። በሳምንት 65 ዶላር ይላል፣ ወደ 50 ይወርዳል፣ ወደ 40 ይወርዳል። ያ ሁሉ ሆኖ ይባረራል። ከዚያ ቻርሊ በሳምንት 50 ዶላር የሚከፈልበት ሥራ ሊሰጠው ይፈልጋል። እንቢ ይላል! ብድሩን ግን ይቀበላል። ብዙ ተመልካች እዚህ ላይ በዊሊ ይናደዳል፤ እኔም። የብድሩ 50 ሚስጥር ሆኖ ይቀመጣል፤ የሥራው 50 ግን ልጆቹ ሁሉ የሚያዩት ነው።

በሙያችን ገንዘቡ ያልገባ ገቢ «ተሰብሳቢ» ይባላል፤ ይሰበሰባል ተብሎ ካልታመነበት ደግሞ ይሰረዛል። ዊሊ ሰርዞ አያውቅም። ቢፍ ከድሮ አሠሪው ብድር ሊጠይቅ ሲነሳ፣ አባትየው ሌሊቱን 15 ሺህ ዶላር ጠይቅ እያለ ያስጠናዋል፤ ሰውየው በማግስቱ ቢፍን እንኳ አያስታውሰውም። በመጨረሻ የሕይወት መድኑን 20 ሺህ ዶላር ለቢፍ መነሻ ይሆናል ብሎ መኪናውን ይዞ ሌሊት ይወጣል፣ አይመለስም። መድኑ ይከፈል አይከፈል ተውኔቱ አይነግረንም። ይህም ሳይሰበሰብ የተመዘገበ ገቢ ነው።

ለቀብሩ የመጡት ቤተሰቡ፣ ቻርሊና የቻርሊ ልጅ ብቻ ናቸው። የሚያውቃቸው ሰዎች ሁሉ የት ሄዱ ትላለች ሊንዳ። እንባ አልመጣላትም፤ መቃብሩ ላይ ቁጭ ብላ የምታወራው ስለ ቤቱ ነው። የ25 ዓመቱን የቤት ብድር የመጨረሻ ክፍያ የፈጸመችው በዚያው ቀን ነው።

እኛ ዘንድ ብድር የምትጠይቅ አባል ቅጽ ስትሞላ አጠገቧ እቀመጣለሁ። «የባለቤትሽ ገቢ» የሚለው መስመር ላይ ስንደርስ ብዕሩ ይቆማል። አንዳንዷ «ጠይቄው አላውቅም» ትላለች፤ አንዳንዷ «ብጠይቀው ያዝናል» ትላለች። ሁለተኛዋን በደንብ እረዳታለሁ፤ ሊንዳም የምትለው ይህንኑ ነበር። ግን መስመሩን ባዶ አልተወውም። ዛሬ ካልሆነ በሚቀጥለው ሳምንት ጠይቀሽ ነይ እላታለሁ፤ የማትመለስም አለች።

አንድ ነገር ላስቀድም፣ ሊንዳ ዊሊን ፊት ለፊት ብትጠይቀው ኖሮ ይድን ነበር ማለቴ አይደለም። ቢፍ በመጨረሻው ሌሊት ቱቦውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ እውነቱን ነግሮታል፤ ዊሊ ከዚያ ሁሉ የሰማው ልጁ እንደሚወደው ብቻ ነበር። ስለዚህ ሊንዳ ዝም ማለቷ ትክክል ነበር የምትሉ እዚህ አዳራሽ ውስጥ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ወ/ሮ ሊቀመንበራችን አንዷ ናቸው፣ ትናንት በስልክ ተከራክረናል። ቡናው እየቀረበ ነውና እዚያው እንቀጥለው።