አንብባችሁ ፈርሙ
በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ ውጭ አገር ለሚማሩ ወጣቶችና ለወላጆቻቸው የተደረገ ንግግር

እኛ ሦስት ነን። አንድ ትምህርት ቤት ተምረን፣ የአገልግሎት ጊዜያችንን ጨርሰን፣ ባለፈው ዓመት ለትምህርት ወደ ጀርመን አገር፣ ወደ ፍራንክፈርት ከተማ የሄድን ልጆቻችሁ ነን። አማርኛችን መሀል ዕብራይስጥ ቢገባበት፣ አሁን ደግሞ ጀርመንኛ ቢጨመርበት፣ ይቅር በሉን።

ስለ ትምህርቱ እንድንናገር ነበር የተጠየቅነው። እኛ ግን ስለ ቤት መናገር መረጥን። ለምን ብትሉ፣ ወደ ውጭ ለመሄድ የሚዘጋጅ ልጅ ስለ ዩኒቨርሲቲው፣ ስለ ወረቀቱ፣ ስለ ቋንቋ ፈተናው ዓመት ሙሉ ይጨነቃል። ቤቱን ግን «እዚያ ስንደርስ እናገኛለን» ብሎ ለመጨረሻው ሳምንት ይተወዋል። እኛም ያደረግነው ይህንኑ ነው። ምን እንዳስከፈለን ዛሬ ሳንደብቅ እንነግራችኋለን።

የፍራንክፈርት ዩኒቨርሲቲ የመንግሥት ነው። የትምህርት ክፍያ አይጠይቅም፤ በየመንፈቀ ዓመቱ የሚከፈል መዋጮ ብቻ አለው። ይህን ስንሰማ «ርካሽ ነው» ብለን ተደሰትን። ነገር ግን የጀርመን መንግሥት ከውጭ የሚመጣ ተማሪ ለአንድ ዓመት መኖሪያ የሚበቃ ገንዘብ እንዳለው እንዲያሳይ ይጠይቃል። እኛ በሄድንበት ጊዜ መጠኑ 11,904 ዩሮ፣ ማለትም በወር 992 ዩሮ ነበር። ከዚህ ውስጥ ትልቁን ድርሻ የሚበላው ቤት ነው። ታዲያ ቤቱን ያልመረጠ ተማሪ የዓመቱን ወጪ ገና አላወቀም ማለት ነው።

እንዲህ ሆነ። ትምህርት ሊጀመር አምስት ሳምንት ሲቀረው በኢንተርኔት ላይ አንድ ቤት አየን። ሦስት ክፍል፣ ነጭ ግድግዳ፣ የእንጨት ወለል፣ ከዩኒቨርሲቲው በእግር አሥር ደቂቃ። ኪራዩ 1,050 ዩሮ፤ ለእያንዳንዳችን 350 ማለት ነው። አከራዩ በጣም ትሑት ሰው ነበር። ለሥራ ሌላ አገር እንደሄደ፣ ቁልፉን በፖስታ እንደሚልክልን ጻፈልን። የፓስፖርቱን ፎቶ ላከ። ውልም ላከ። የአንድ ወር ኪራይና የአንድ ወር መያዣ፣ በድምሩ 2,100 ዩሮ በቶሎ ካልላክን ቤቱን ሌሎች እንደሚወስዱት ነገረን። እኛም ላክን። የአንዳችን 700 ዩሮ የእናቷ የእቁብ ዕጣ ነበር።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኛ ግን አፍሰን የምንለቅመውም አልነበረም። ፍራንክፈርት ስንደርስ አድራሻውን አገኘነው፤ ሕንጻው እውነተኛ ነው። በጀርመን በእያንዳንዱ በር ደወል ላይ የነዋሪው የቤተሰብ ስም ይጻፋል። ሻንጣችንን ይዘን ቆመን የደወሉን ስሞች አንድ በአንድ አነበብን። የእኛ ሰውዬ ስም የለም። አንዲት አሮጊት ወጥተው፣ እንዲህ ዓይነት ሰው እዚህ ኖሮ እንደማያውቅ ነገሩን። ፖሊስ ጋ ሄደን አመለከትን፣ ለባንክም አሳወቅን። ገንዘቡ ግን አልተመለሰም።

ዘጠኝ ሌሊት ሆስቴል ውስጥ፣ ከማናውቃቸው ሰዎች ጋር ስምንት አልጋ ባለበት ክፍል አደርን። ቀን ቀን ትምህርት፣ ማታ ማታ ቤት ፍለጋ።

አሁን የምንነግራችሁ ግን ከገንዘቡ ይልቅ የሚያሳፍረንን ነው። ወላጆቻችን በየቀኑ ይደውሉ ነበር። «ቤቱ እንዴት ነው?» ሲሉን «ጥሩ ነው» እንላለን። የአንዳችን እናት «መስኮቱ ወደ የት ነው የሚያየው?» ብለው ጠየቁ። «ወደ ዛፍ» አልን። ከሆስቴሉ መስኮት የሚታየው የባቡር ሐዲድ ነበር። ለምን ዋሸን? እንዳይጨነቁ ብለን ነው። ደግሞ፣ እውነቱን እንናገር፣ እንዳናፍር ብለን ነው። «እኛ ኮምፒውተር እናውቃለን፣ ቋንቋ እናውቃለን፣ እነሱ ስለዚህ ነገር ምን ያውቃሉ?» የሚል ሐሳብ ውስጣችን ነበር።

በዘጠነኛው ቀን አንዳችን በስልክ ላይ አለቀሰችና ሁሉም ወጣ። ቁጣ ነበር የጠበቅነው። እናትዮዋ ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ እንዲህ አሉ፦ «ልጆቼ፣ እኔ መርካዝ ክሊታ ስገባ አንድ ወረቀት አስፈርመው ቁልፍ ሰጡኝ። ምን እንደፈረምኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። ቤቱን እኔ አልመረጥኩትም፣ ሰፈሩንም አልመረጥኩትም። እናንተ ግን ማንበብ ትችላላችሁ። ከእንግዲህ አንብባችሁ ፈርሙ። ደግሞ ብቻችሁን አትፈርሙ።»

ከዚያ ስልኩን ዘግተው ለእቁብ ጓደኞቻቸው ደወሉ። ከእቁቡ ሴቶች የአንዷ ዘመድ ኦፈንባህ የምትባለው፣ ከፍራንክፈርት አጠገብ ያለች ከተማ ውስጥ ይኖራሉ። በማግስቱ ማታ እኛ እዚያ ቤት ሽሮ እየበላን ነበር። ሦስት ሳምንት አስተናገዱን፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ያ ስልክ ከመሄዳችን በፊት ቢደወል ኖሮ 2,100 ዩሮ ኪሳችን ውስጥ ይቀር ነበር። አጭበርባሪው የተጠቀመው በቸኮላችን ብቻ አይደለም፤ ከወላጆቻችን በመደበቃችንም ጭምር ነው።

ስለዚህ ወጣቶች፣ ቤት ስትፈልጉ አራት ጥያቄ ያዙ። ወላጆችም እነዚህኑ ጥያቄዎች ልጆቻችሁን ጠይቁ።

አንደኛ፣ ገንዘቡ ለማን ነው የሚሄደው? ቤቱን ራሳችሁ ወይም የምታምኑት ሰው ሳያየው አንድ ዩሮ አትላኩ። «ውጭ አገር ነኝ፣ ቁልፉን በፖስታ እልካለሁ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ በቃ፣ ተዉት። የፓስፖርት ፎቶ ማስረጃ አይደለም፤ ከሌላ ሰው የተሰረቀ ሊሆን ይችላል። በጀርመን ሕግ መያዣ ከሦስት ወር ኪራይ መብለጥ አይችልም፤ ያውም የማሞቂያና የውሃ ወጪ ሳይጨመር ነው። ተከራዩ መያዣውን በሦስት ወር ከፋፍሎ የመክፈል መብት አለው። እኛ ይህን ብናውቅ ኖሮ የዚያ ሰውዬ ጥድፊያ ይገባን ነበር።

ሁለተኛ፣ ዋጋው ውስጥ ምን አለ? ጀርመኖች «ቀዝቃዛ ኪራይ» እና «ሞቃት ኪራይ» ይላሉ። ቀዝቃዛው የግድግዳው ብቻ ነው። ሞቃቱ ማሞቂያ፣ ውሃ፣ ቆሻሻና የመሳሰለው የተጨመረበት ነው። መብራትና ኢንተርኔት ብዙ ጊዜ ከሁለቱም ውጭ ይሆናሉ። ለሬዲዮና ለቴሌቪዥን ደግሞ ቴሌቪዥን ባይኖራችሁም በየቤቱ በየወሩ ክፍያ አለ፣ እኛ በሄድንበት ጊዜ 18.36 ዩሮ ነበር፤ አብረው የሚኖሩ ሰዎች ይካፈሉታል። በዓመቱ መጨረሻ የማሞቂያ ሒሳብ ይሠራል፤ ከተተመነው በላይ ያሞቀ ይጨምራል። ከሞቃት አገር የሄድን ሰዎች ስለሆንን ይህን አትርሱ። መስኮት ከፍቶ ማሞቂያ መለኮስ ገንዘብ ወደ ውጭ መወርወር ነው።

ሦስተኛ፣ በዚህ አድራሻ መመዝገብ ይቻላል? በጀርመን ቤት የገባ ሰው በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ ከተማው ጽሕፈት ቤት ሄዶ አድራሻውን ያስመዘግባል። ለዚህ አከራዩ የሚሰጠው የማረጋገጫ ወረቀት ያስፈልጋል። የእስራኤል ፓስፖርት ያለው ሰው ያለ ቪዛ ገብቶ የመኖሪያ ፈቃዱን እዚያው መጠየቅ ይችላል፤ ይህ ትልቅ ዕድል ነው። ነገር ግን አድራሻ ከሌለ ፈቃዱም፣ የባንክ ሒሳቡም ይጓተታል። አንዳንድ አከራይ «ክፍሉን ውሰዱ፣ ግን እዚህ አትመዝገቡ» ይላል። ርካሽ ቢሆንም እምቢ በሉ።

አራተኛ፣ እዚያ ቤት ውስጥ እንደ ራሳችን ሆነን መኖር እንችላለን? ይህን ማንም ኢንተርኔት ላይ አይጽፍላችሁም። ሰንበትን የሚጠብቅ ልጅ በሩ በቁልፍ ነው ወይስ በኤሌክትሪክ ካርድ የሚከፈተው ብሎ ይጠይቅ። ወጥ ቤቱ ለስንት ሰው ነው? የራሳችን ድስትና የራሳችን መደርደሪያ ይኖረናል? ምኩራቡስ በእግር ይደረሳል? በፍራንክፈርት በ1910 የተሠራው የቬስትኤንድ ምኩራብ ከዩኒቨርሲቲው ሠፈር በእግር የሚደረስ ነው። በባቡር አርባ ደቂቃ ርቃ ባለች ከተማ ርካሽ ክፍል የተከራየ ልጅ ግን ሰንበትን ብቻውን ይውላል። ለሃይማኖቱ ብዙም የማይጨነቅም ቢሆን፣ በዚያ ክረምት ብቻ መዋል ቀላል አይደለም።

ምርጫዎቹ በአጭሩ ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው የተማሪዎች መኖሪያ፣ እኛ መኦኖት የምንለው ነው። በየከተማው ያለው የተማሪዎች አገልግሎት ድርጅት ያከራየዋል። ርካሽና አስተማማኝ ነው፤ ወረፋው ግን ረጅም ነው። ዩኒቨርሲቲው መልስ እስኪሰጥ አትጠብቁ፤ መቼ ማመልከት እንደሚፈቀድ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከእኛ ሁለታችን በመጨረሻ ያገኘነው ይህንን ነው፤ ሁሉ ነገር ተጨምሮ በወር 390 ዩሮ እንከፍላለን። ሁለተኛው ከሌሎች ተማሪዎች ጋር አንድ ቤት መጋራት ነው። እዚያ ነዋሪዎቹ ጠርተው ያነጋግሯችኋል፤ እነሱ እናንተን ሲመርጡ እናንተም እነሱን ምረጡ። ሦስተኛችን እንዲህ ገብታ ቋንቋውን ከሁለታችን በፊት ለመደች። ሦስተኛው ለብቻ መከራየት ነው፤ ለመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ግን ዋጋውም ብቸኝነቱም ይከብዳል።

አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ ልክ አይሆንም። አንድ ቀን አንድ ክፍል ለማየት ሄድን። በጽሑፍ ስንነጋገር ሁሉም ጥሩ ነበር። በሩ ተከፍቶ ሲያዩን «ይቅርታ፣ ተይዟል» አሉን። የክፍል ጓደኛችን የሆነች ጀርመናዊት ከአንድ ሰዓት በኋላ ስትደውል ክፍሉ ባዶ ነው፣ መጥተሽ እይ አሏት። ወላጆቻችን ይህን ታሪክ ማስረዳት አያስፈልጋቸውም። በ2012 ቂርያት ማላኪ ውስጥ ለኢትዮጵያውያን ቤት አናከራይም፣ አንሸጥም የተባለ ጊዜ፣ ሕዝባችን አደባባይ ሲወጣ እኛ ትንንሽ ልጆች ነበርን። በጀርመን ከ2006 ጀምሮ በቤት ኪራይም በዘር ማዳላትን የሚከለክል ሕግ አለ፤ የሚያማክር የመንግሥት መሥሪያ ቤትም አለ። ይህ ከደረሰባችሁ የተጻፈውን መልእክት አስቀምጡ፣ ሰዓቱንና የምስክሩን ስም መዝግቡ፣ ምክር ጠይቁ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጥፋቱን በራሳችሁ ላይ አታድርጉት። እኛ የዚያን ቀን ማታ ለቤተሰብ ደውለን ተናገርን። ከሆስቴሉ ጊዜ የተማርነው ይህንን ነው።

ወላጆቻችን ሆይ፣ አንድ ልመና አለን። ስትደውሉ «በላችሁ ወይ? በረዳችሁ ወይ?» ትሉናላችሁ፤ እንወደዋለን፣ አትተዉት። ግን ጨምሩበት። «ውሉን ማን አነበበው? ገንዘቡን ለማን ላካችሁ? ቤቱን አሳዩኝ» በሉን። ስልኩን ይዘን ከክፍል ክፍል እንድንዞር አድርጉን። ቋንቋውን አለማወቃችሁ አያግዳችሁም። ከማታውቁት አገር ገብታችሁ፣ በማታውቁት ሕንጻ ውስጥ ቤተሰብ ያቆማችሁ እናንተ ናችሁ። ስለ አዲስ ቤት ከእናንተ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

ወጣቶች ደግሞ፣ የሆነው ይሁን፣ መስኮቱ ወደ ሐዲድ ከሆነ ወደ ሐዲድ ነው በሉ።

ባለፈው ሲግድ ሦስታችን በአንዱ ክፍል ተሰበሰብን። ኢየሩሳሌም በየት በኩል እንደሆነች በስልካችን አይተን፣ ወደዚያው ዞረን ቆምን። ቤት ደውለን የቄሶቹን ጸሎት በስልክ ሰማን። እናትዮዋ ከጸሎቱ በኋላ «መስኮቱስ?» አሉ። ስልኩን አዙረን አሳየናቸው። የጎረቤት ግድግዳና የብስክሌት ማቆሚያ ነው የሚታየው። «ይሁን፣ ደህና ነው» አሉ።

ዘንድሮ የምትሄዱ ልጆች ከስብሰባው በኋላ እዚሁ አለንና ኑ፣ ጠይቁን። ውል የያዘ ካለ ይዞት ይምጣ፤ አብረን እናነበዋለን።