ለልቦለድ የሚታመን ከተማ መምረጥ፦ ከአዲስ አበባ እስከ አርብ ገበያ

(ለሥነ ጽሑፍ ተማሪዎችና መምህራን የቀረበ ሕዝባዊ ንግግር፣ ሙሉ ቃል)



ዛሬ የማነሣው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ ልቦለድ ጸሐፊ ታሪኩን በየትኛው ከተማ ያስፍረው? ጥያቄውን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ለዓመታት ካነበብኋቸው የተማሪዎች ረቂቅ ልቦለዶች አብዛኞቹ የሚጀምሩት ቦሌ ወይም ፒያሳ ላይ ነው። ከጸሐፊዎቹ መካከል ግን ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ የመጡ ብዙ ናቸው። ቦሌን የሚያውቁት በቴሌቪዥን ድራማ ነው። አርብ ገበያን ከነጭቃዋና ከነአቧራዋ ያውቋታል፤ ነገር ግን ለልቦለድ የምትበቃ ከተማ አትመስላቸውም። ልሞግት የተነሣሁት ይህን አስተሳሰብ ነው።

መነሻችን «መቼት» የሚለው ቃል ይሁን። ቃሉ «መቼ» እና «የት» ተጣምረው የፈጠሩት ነው። በክፍል ውስጥ ግን «የት»ን ይዘን «መቼ»ን እንጥላለን። አንባቢ ከተማን የሚያምነው የመንገዶቹ ስም ስለተዘረዘረለት አይደለም፤ ከተማው ለገጸ ባሕርያቱ የሚፈቅደውንና የሚከለክለውን ሲያይ ነው። ይህ ደግሞ በቀን፣ በወቅትና በዘመን ይለዋወጣል።

የራሳችን ሥነ ጽሑፍ የሄደበትን መንገድ እንመልከት። በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ልብ ወለድ፣ በኋላ «ጦቢያ» የተባለው፣ ታሪኩ የተፈጸመበትን አገር ለይቶ አይነግረንም። ዓላማው ምሳሌያዊ ስለነበር ይህ አልጎዳውም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ግን ማንኩሳና ዲማ ጊዮርጊስ በስማቸው ይጠራሉ። ዲማን ዲማ ያደረጋት ስሟ ብቻ አይደለም፤ የቅኔ ቤቱ ሥርዓት፣ የባላባቱ ግቢ አጥር፣ በጎጃምና በአዲስ አበባ መካከል የተዘረጋው የዓባይ በረሃ ጭምር ነው። ርቀቱ ራሱ ታሪኩን ይሠራል። በበዛብህና በሰብለ ወንጌል ዘመን ያን በረሃ በእግር መሻገር የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነበር፤ ዛሬ በአውቶቡስ የሚሻገር ወጣት ያንኑ ታሪክ ሊኖረው አይችልም።

ከባሕር ማዶ ጄምስ ጆይስን ልጥቀስ። ደብሊንን ለቆ በፓሪስ በሚኖርበት ጊዜ፣ በልቦለዱ ያለ ሰው የአንድን ቤት የብረት አጥር ተሻግሮ ሳይጎዳ ሊወርድ ይችል እንደሆነ አክስቱን በደብዳቤ ጠይቋል። የጠየቀው ስለ መልክ ሳይሆን ስለሚቻልና ስለማይቻል ነው።

አሁን ወደ አርብ ገበያ እንመለስ። ከተማዋ የታች ጋይንት ወረዳ መቀመጫ ናት። ከወረታ በደብረ ታቦር አድርጎ ወደ ወልድያ የሚዘልቀው ጎዳና የሚያልፈው በላይ ጋይንት፣ በነፋስ መውጫ ነው፤ ወደ አርብ ገበያ የሚሄድ ሰው ከዋናው ጎዳና ተገንጥሎ ወደ ደቡብ መውረድ አለበት። በዚህ ብቻ ጸሐፊው አንድ ሕግ አገኘ፤ ወደዚህች ከተማ የሚመጣ እንግዳ አስቦ የመጣ እንጂ ሲያልፍ ጎራ ያለ አይደለም። ስለዚህ «ምን አመጣው?» የሚለው ጥያቄ ከመናኸሪያው ይጀምራል።

ሁለተኛው ሕግ በስሟ ውስጥ አለ። በገበያ ቀን ስም የሚጠሩ ከተሞች በአማራ አገር ብዙ ናቸው፤ በደራ ያለችው ሐሙሲት አንዷ ናት። ዓርብ ግን ከሌሎቹ ቀኖች ይለያል፤ የጾም ቀን ነውና። አንድ ደራሲ የዓርብ ገበያ ትዕይንት ሲጽፍ፣ በሬውን ሽጦ ደስ ያለውን ገበሬ ከወዳጆቹ ጋር ጥሬ ሥጋ ቢያስቆርጠው፣ የአገሩ ሰው መጽሐፉን እዚያው ያጥፈዋል። ክርስቲያኑ ሻጭ በዚያ ቀን የሚቀርብለት ሽሮ ወይም ምስር ነው፤ ደስታውን የሚገልጸው በጠላ ነው። ያው ትዕይንት ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ውስጥ ቢውል ግን ዓርቡ አይጾምም፤ ሥጋው ይፈቀዳል። እንግዲህ የወጡን ዓይነት ለመወሰን ወሩን ማወቅ ግድ ሆነ። «መቼ» ከ«የት» አይለይም ያልሁት ይህን ነው።

ሦስተኛው ሕግ መተያየት ነው። በአዲስ አበባ ሁለት ፍቅረኞች ካፌ ቢቀመጡ ማንም ልብ አይላቸውም። በትንሽ የወረዳ ከተማ «የማን ልጅ ነህ?» ያልተባለ ወጣት የለም። እዚያ የሚገናኙ ሰዎች ምክንያት ያስፈልጋቸዋል፤ ገበያ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ለቅሶ፣ ሠርግ፣ የፍርድ ቤት ቀጠሮ። ይህ ለደራሲ ችግር አይደለም፤ ሴራው የሚወለደው ከዚህ ነው።

መተያየቱ ግን ደራሲውንም ይመለከታል፤ ከሁሉ የሚከብደውም ጉዳይ ይህ ነው። በትልቅ ከተማ «አንድ ጉቦኛ ዳኛ» ብትሉ በሺዎች መካከል ይጠፋል። በትንሽ ከተማ ዳኞቹ ጥቂት ናቸው፤ አንባቢ በጣቱ ያመለክታል። የተጠቆመው ሰው ልጆች አሉት፣ ልጆቹም ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. ባሳተመው «ኦሮማይ» አስመራን በቀይ ኮከብ ዘመቻ ጊዜ እንደነበረች ሣላት፤ አንባቢዎች ባለ ሥልጣናቱን ለዩአቸው፤ መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። እርሱ የጻፈው ስለ ኃያላን ነው። ስለ ደካሞች የምንጽፍ ስንሆን ዋጋውን የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው፤ ኃላፊነቱም የዚያኑ ያህል ይከብዳል።

መፍትሔው ምንድን ነው? ቶማስ ሃርዲ ዶርቼስተርን ካስተርብሪጅ ብሎ እንደ ሰየማት፣ ጉናን፣ ደብረ ታቦርንና በሽሎን በስማቸው ትታችሁ የትንሿን ከተማ ስም መለወጥ ትችላላችሁ። ነገር ግን ስም መለወጥ የታርጋ ለውጥ አይደለም። አርብ ገበያን «ማክሰኞ ገበያ» ብላችሁ የገበያውንም ቀን ካዛወራችሁ፣ ከዐቢይ ጾምና ከሌሎቹ አጽዋማት ውጭ ባለው ጊዜ ሥጋ ቤቱ በገበያ ቀን ይከፈታል፤ የምግብ ቤቷ ባለቤት ገቢ ይለወጣል፤ የሚሰክረውና የሚጣላው ሰው ይለወጣል። ስሙን ለውጦ ኑሮውን ያልለወጠ ደራሲ፣ ሰዎቹን ሳይሸሽግ ከተማዋን ያጣል።

አንድ ነገር ልጨምር። በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ብዙዎቹ ፈርሰዋል። የስብሐት ገብረ እግዚአብሔርን «ሌቱም አይነጋልኝ» ያነበበ ሰው ግን የውቤ በረሃን ሌሊት ዛሬም ያውቀዋል። አዲስ አበባ ትዝታዋን የሚጠብቁላት ደራሲዎች አሏት። ትንንሾቹ ከተሞችም ይለወጣሉ፤ መንገድ ይገባል፣ ቆርቆሮው በብሎኬት ይተካል፣ የገበያው ሜዳ ይሸነሸናል። ያልተጻፈ ከተማ ሲለወጥ ግን የሚመሰክርለት የለም።

ስለዚህ፣ ተማሪዎቼ፣ ረቂቃችሁን ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ወረቀት ያዙ። በምታውቁት ከተማ፣ በአንድ በተወሰነ ዓመት፣ በገበያ ቀን ሊሆኑ የማይችሉ 10 ነገሮችን ጻፉ። 10 ካገኛችሁ ከተማ አላችሁ። 3 ላይ ከቆማችሁ፣ ቦሌም ይሁን አርብ ገበያ፣ ሄዳችሁ ጠይቁ።