የከተማ ወንዝ ጉዳይ የገበሬም ጉዳይ ነው



እኛ ፊደል ልናስቆጥር ከከተማ የመጣን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነን። ልናስተምር መጣን እንጂ ከእናንተ የተማርነውም ብዙ ነው። ከተማርነው አንዱ የወንዛችሁ ሥርዓት ነው። ከላይ የመጠጥ ውሃ ይቀዳል። ከዚያ ዝቅ ብሎ ከብት ይጠጣል። ከሁሉም በታች ልብስ ይታጠባል። ይህን ሥርዓት ያፈረሰ ሰው በሽማግሌ ፊት ይወቀሳል። ለምን? ውሃ ወደ ታች ስለሚፈስ ነዋ! ከላይ ያለው ሰው ያበላሸው ከታች ያለውን ይጎዳል።

ዛሬ የምንነጋገረው ይህ ሥርዓት ስለፈረሰባቸው የከተማ ወንዞች ነው። መንግሥታት እነዚህን ወንዞች ለማዳን ገንዘብ ይሰጣሉ። ያ ገንዘብ መቼ ይጠቅማል? መቼስ ባክኖ ይቀራል? «የከተማ ወንዝ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል ይኖር ይሆናል። እስቲ አብረን እንየው።

አዲስ አበባን እንውሰድ። ቀበና፣ ግንፍሌ፣ ባንትይቀጡ፣ ትንሹ አቃቂና ትልቁ አቃቂ የሚባሉ ወንዞች አሏት። ወንዞቹ ከተራራ ሲነሱ ንጹሕ ናቸው። ከተማውን ሲያቋርጡ ግን የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ፣ የፋብሪካ ዝቃጭና የቤት ጥራጊ ሲለቀቅባቸው ኖሯል። መጨረሻቸው አባ ሳሙኤል ሐይቅ ነው፤ ከዚያም አልፈው ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። በአቃቂ በኩል በዚህ ውሃ ጎመንና ሰላጣ የሚያለሙ ገበሬዎች አሉ። ከብትም ይጠጣዋል። ጎመኑ ደግሞ ገበያ ወጥቶ የከተማው ሰው ገበታ ላይ ይቀርባል። አያችሁ? ከተማው የደፋውን መልሶ ይበላዋል። ገበሬውም ባላጠፋው ጥፋት ይጎዳል።

ወንዝ አንዴ ከተበላሸ በአንድ ሰው ጉልበት አይድንም። ስለዚህ መንግሥት ድጎማ ይሰጣል። ድጎማ ብድር አይደለም። አይመለስም፤ ወለድም የለውም። ግን ሒሳብ አለው። «ምን ተሠራበት? ማን ሠራበት? ማን ተጠቀመ?» ተብሎ ይጠየቅበታል።

ይህ እንዴት እንደሚሠራ ለማየት ወደ ሩቅ አገር እንሂድ። የአሜሪካ ዋና ከተማ ዋሽንግተን ናት። ብዙ ኢትዮጵያውያንም በከተማዋና በአካባቢዋ ይኖራሉ። በዚያች ከተማ ውስጥ አናኮስቲያ የሚባል ወንዝ ያልፋል። ከወንዙ ማዶ፣ በስተምሥራቅ የሚኖሩት አብዛኞቹ ጥቁሮች ናቸው፤ ከመካከላቸውም ድሃው ብዙ ነው። ወንዙ ለረጅም ዘመን የቆሻሻ መጣያ ሆኖ ኖረ። የዝናቡ ውሃና የመጸዳጃ ቤቱ ፍሳሽ በአንድ ቱቦ ስለሚሄዱ፣ ኃይለኛ ዝናብ በጣለ ቁጥር ቱቦው ሞልቶ ወደ ወንዙ ይገነፍል ነበር።

ታዲያ ማን ጀመረው? በዚህ ታሪክ የምንጠራቸው ዓመቶች በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። በ1992 ከዚያው ሰፈር የወጡ ጥቂት ወጣቶች ወደ ወንዙ ከሚገባ ጅረት ውስጥ ገብተው አሮጌ ጎማና ጥራጊ ማውጣት ጀመሩ። ቀጥሎም ከ1994 እስከ 1998 ባሉት ዓመቶች የንስር ጫጩቶች ከሌላ ግዛት አስመጥተው በወንዙ ዳር አሳደጉ። ከከተማው ጠፍቶ የኖረው ንስር ተመልሶ ጎጆ ሠራ።

ቀጥሎ ገንዘቡ መጣ። ከ2010 ጀምሮ በከተማው ምግብ ከሚሸጥ ሱቅ ፌስታል የሚወስድ ሰው 5 ሳንቲም እንዲከፍል በሕግ ታዘዘ። አብዛኛው ሳንቲም አናኮስቲያን ለማጽዳት ወደ ተቋቋመ ሣጥን ይገባል። ከዚያም ላይ ወንዙን ለሚያጸዱና ሕዝቡን ለሚያስተምሩ ማኅበሮች ድጎማ ተሰጠ። በ2012 ደግሞ የአገሪቱ መንግሥት በልዩ ልዩ ከተሞች በወንዞቻቸው ላይ ለሚሠሩ 46 ማኅበሮችና ተቋማት ለእያንዳንዳቸው እስከ 60,000 ዶላር ሰጠ።

ግን ጥራጊ መልቀም ብቻ አይበቃም። ፍሳሹ ከምንጩ መቆም ነበረበት። ስለዚህ ከመሬት በታች ወደ 21 ኪሎ ሜትር የሚሆን ትልቅ የፍሳሽ መተላለፊያ ተቆፈረ። የመጀመሪያው ክፍል በ2018፣ የመጨረሻው በ2023 ሥራ ጀመረ። ይኼ በብዙ ቢሊዮን ዶላር የሚቆጠር ሥራ ነው።

ወንዙ መጥራት ሲጀምር ሌላ ጣጣ መጣ። ቦታው ተወደደ፤ የቤት ኪራይ ናረ። በቆሻሻው ዘመን ሽታውን ችሎ የኖረው ድሃ፣ ወንዙ ሲያምር ሊገፋ ሆነ። ስለዚህ በወንዙ ላይ በአሮጌ ድልድይ ቦታ መናፈሻ ለመሥራት የተነሡ ሰዎች በ2015፣ ግንባታው ሳይጀመር፣ ነዋሪውን አማከሩ። ሰው ከቤቱ እንዳይፈናቀልና ሥራ እንዲያገኝ የሚያስችል ዕቅድ አወጡ።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ ለማልማት ትልቅ ሥራ ተጀመረ። የታሰበው ወጪ 29 ቢሊዮን ብር ነበር። ለመጀመሪያው 12 ኪሎ ሜትር የቻይና መንግሥት እርዳታ ሰጠ። በ2012 ዓ.ም. መጨረሻ ላይም ሸገር ፓርክ ተመረቀ። ዛፍ ተተከለ፤ ሕዝቡ የሚናፈስበት ቦታ አገኘ። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን የወንዝ ዳር ማማርና የወንዝ ውሃ መጥራት ሁለት ነገር ናቸው። ዳሩ አበባ ሆኖ ውሃው ፍሳሽ ከሆነ፣ ለአቃቂ ገበሬ ምን ጠቀመው?

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ሦስት ነገር እንማር። አንደኛ፣ ቆሻሻው ከሚወጣበት ካልቆመ ገንዘቡ በቀዳዳ እንስራ እንደሚቀዳ ውሃ ነው። ሁለተኛ፣ ወንዙን የሚያውቀው ዳሩ ላይ የሚኖረው ሰው ነውና ይጠየቅ፤ ሥራውም ለእሱ ይድረሰው፤ ከቦታውም አይገፋ። ሦስተኛ፣ የገንዘቡ ሒሳብ በሕዝብ ፊት ይነበብ።

አሁን እናንተ ማንበብ ችላችኋል። ገንዘብ ለወንዛችሁ ወይም ለምንጫችሁ የመጣ እንደሆነ ወረቀቱን ጠይቁ። ቁጥሩን በዓይናችሁ አንብቡ። ያልገባችሁን ሳታፍሩ ጠይቁ። የማያነብ ሰው የተነገረውን ብቻ ያምናል፤ የሚያነብ ሰው ግን ያመሳክራል።

ከመለያየታችን በፊት በዚህ ላይ እንወያይ። ከእናንተ በላይ ውሃውን የሚነካ ማን አለ? ከእናንተስ በታች ማን ይጠጣል? ለእሱ ምን ትልኩለታላችሁ፣ ንጹሕ ውሃ ወይስ እድፍ?