እርጅናን ማጥናት የሚፈልገው ተማሪ

እሷ፦ አንድ የቦሌ መድኃኔዓለም ልጅ፣ የባዮሎጂ ተማሪ፣ «ክረምቱን ስለ እርጅና በሚያጠና ቦታ ኢንተርንሺፕ መውጣት እፈልጋለሁ» ቢልህ ምን ትመክረዋለህ?

እሱ፦ መጀመሪያ የዶክተር ዮናስ ገዳን ሥራ እንዲያነብ። የአገራችን ልጅ ናቸው። አሜሪካ፣ ማዮ ክሊኒክ ሳሉ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳተሙት ጥናት የመርሳት በሽታ የሌለባቸውን 1,324 አረጋውያን ተመልክቷል። በጎልማሳነታቸው እንደ ፈጣን እርምጃ ያለ መካከለኛ እንቅስቃሴ ያዘወትሩ በነበሩት ላይ፣ ቀለል ያለ የማስታወስና የማሰብ ችግር የመታየት ዕድሉ በ39 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል።

እሷ፦ የጠበቃቸው እርምጃው ነው ማለት ነው?

እሱ፦ እሱን አያረጋግጥም። ያለፈውን የተናገሩት በመጠይቅ ነው፤ ደግሞም አእምሮው የበረታ ሰው ብዙ ይራመድ ይሆናል። ተማሪው ከሁሉ በፊት ይህን ጥርጣሬ ቢማር ደስ ይለኛል።

እሷ፦ «የወጣት አገር ይዘን እርጅናን ማጥናት ቅንጦት ነው» የሚሉ አሉ። እኔ በፍጹም አልቀበለውም! እዚሁ ቦሌ ልጆቻቸው ውጭ አገር ሆነው ብቻቸውን የሚኖሩ እናቶች አሉ። መርሳት ሲጀምሩ «ያው እርጅና ነው» ይባልና ይታለፋል።

እሱ፦ እውነትሽን ነው፣ እህቴ። መመርመሪያውም ራሱ ሥራ ይፈልጋል። በውጭ የተለመደው ፈተና «ሰዓት ሳልና አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር አመልክት» ይላል። በእኛ አቆጣጠር አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን የሰዓቱ አጭር ዘንግ አምስት ላይ ነው! ፊደል ያልቆጠሩ እናትስ እርሳስ ሲሰጧቸው?

እሷ፦ እንግዲህ ተማሪያችን ጥያቄዎቹን ለእኛ አዛውንት በማስተካከል ይጀምር።