ስለ ሴቶች የብስክሌት እሽቅድምድም
(በራዲዮ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ማታ የምናገርበት ጉዳይ ለአንዳንዱ ሰው የልጆች ጨዋታ መስሎ ይታየው ይሆናል። እኔም ራሴ ከቁም ነገር የቆጠርኩት ከጅማ ወደ ቦንጋ በሚወስደው ጎዳና 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በሰቃ፣ ከአንድ የቡና ገበሬ ቤት ቡና ስጠጣ ከሰማሁት ክርክር ወዲህ ነው።

የገበሬው ልጅ ብስክሌተኛ ናት። ደመወዝ የሚከፍላት ቡድን የላትም፤ ብስክሌቷንም የገዛችው ሁለት መኸር ቀይ ቡና ለቅማ ባጠራቀመችው ገንዘብ፣ ከሰው እጅ ነው። በከተማ ውስጥ በተደረገ የሴቶች ውድድር ላይ ከመታጠፊያው ወድቃ ክንዷና ጉልበቷ ተልጦ መጣች። አባቷ ብስክሌቱ ይሸጥ አሉ። እናቷ ደግሞ በላቧ የገዛችው እንዴት ይሸጣል ብለው ተከራከሩ። ልጅቱ ሲኒ እያቀረበች ዝም አለች። በመጨረሻም አባትየው ወደ እኔ ዞረው፦ «ጌታዬ፤ እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት፤ እስቲ ይፍረዱን። እኔ ከኋላ ሆነሽ ቀስ ብለሽ ንጂ ብዬ መክሬያት ነበር፤ እንደ ነገርኳትም አድርጋለች፤ ታዲያ ስለ ምን ወደቀች?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ጠይቄ፣ አንብቤ እመለሳለሁ ብዬ ተሰናበትኩ። የዛሬው ንግግሬ እንግዲህ የዚያ ዕዳ መክፈያ ነው።

ፈረንጆች ክሪቴሪየም የሚሉት ይህ ውድድር እንደ ሩቅ አገር ጉዞ ከከተማ ወደ ከተማ የሚደረግ አይደለም። ለተሽከርካሪ በተዘጋ የከተማ መንገድ ላይ፣ ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 2 ኪሎ ሜትር ያህል በሆነ ዙር፣ ደግሞ ደጋግሞ መዞር ነው። ለመጨረሻው ዙር ደወል ይደወላል። በጣም የቀረችውን ተወዳዳሪ ዳኞቹ ከመንገድ ያስወጧታል። ዙሩ አራት ማዕዘን ቢኖረውና 25 ጊዜ ቢዞሩት መቶ ጊዜ መታጠፍ ነው፤ ስለዚህ የውድድሩ ዋና ጥበብ ያለው ከጭን ብርታት ይልቅ በማዕዘኑ አያያዝ ላይ ነው።

አሁን ወደ አባትየው ጥያቄ ልመለስ። በብስክሌት ውድድር ትልቁ ጠላት ነፋስ ነው። በሌላው ጀርባ ተጠግቶ የሚነዳ ሰው ከድካሙ እስከ ሲሶ ያህሉ ሊቀልለት ይችላል፤ ጓዱ ተጠጋግቶ የሚሄደውም ስለዚህ ነው። ነገር ግን ጓዱ ከማዕዘን ሲደርስ ፊተኞቹ ሳይጨነቁ ያልፋሉ፤ ከኋላ ያሉት ተጨናንቀው ፍሬን ይይዛሉ፤ ማዕዘኑን እንዳለፉም ክፍተቱን ለመሙላት በሙሉ ኀይላቸው ይሮጣሉ። ይህ በየማዕዘኑ ስለሚደጋገም የመጨረሻዋ ልጅ ከመጀመሪያዋ ይልቅ ትደክማለች፤ ከፊቷ የሚወድቁትም ሁሉ በእርሷ ላይ ይመጣሉ። እንግዲህ አባት ልጃቸውን ከአደጋ ለማዳን ብለው የሰጧት ምክር ወደ አደጋው አቀረባት ማለት ነው። ይህን የምለው ለነቀፌታ አይደለም፤ እኔም በስፍራቸው ብሆን ያንኑ እመክር ነበር።

ልጅቱን ስጠይቃት የወደቀችው ወደ ውስጥ ያዘነበለው የብስክሌቷ ፔዳል መሬት ነክቶ እንደ ሆነ ነገረችኝ። የሚያውቁ ሰዎች እንደሚያስረዱት ፍሬን የሚያዘው ከመታጠፊያው በፊት እንጂ በመታጠፊያው ውስጥ አይደለም፤ በመታጠፊያውም ወደ ውስጥ ያለው እግር ወደ ላይ፣ የውጭው እግር ወደ ታች ሆኖ የሰውነት ክብደት በእርሱ ላይ ማረፍ አለበት፤ ዐይንም ከጎማው ላይ ተነሥቶ መውጫውን መመልከት ይገባዋል። በጅማና በዙሪያዋ ደግሞ ዝናቡ ብዙ ስለ ሆነ መኪኖች ቀዩን ጭቃ በጎማቸው እየጎተቱ አስፋልቱ ላይ ያመጡታል፤ ጥንቃቄው እጥፍ መሆን አለበት። ይህን ሁሉ አንድ አሠልጣኝ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊያስተምራት ይችል ነበር። ማንም አላስተማራትም።

እናትየው ደግሞ ለብቻችን ስንሆን ሌላ ነገር አጫወቱኝ። ጎረቤቱ ለልጃገረድ በብስክሌት ኮርቻ ላይ መቀመጥ ነውር ነው ይላል አሉ። ሙሽራ በበቅሎ ተቀምጣ ስትሄድ እልል የሚል ሰው በብስክሌት ስትሄድ ነውር ማለቱ ለእኔ ሊገባኝ አልቻለም።

እርግጥ ሴቶችን ወደ ኋላ ያስቀረ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። ኢትዮጵያ መጀመሪያ በኦሊምፒክ በተካፈለችበት ጊዜ፣ በኅዳር 1949 ዓ.ም. በሜልቦርን፣ ገረመው ደንቦባ፣ መስፍን ተስፋዬ፣ ፀሐይ ባህታና ኃይሉ ፋና በጎዳና ብስክሌት ውድድር በቡድን 9ኛ ሆነዋል። በዚያን ጊዜ ሴት ብስክሌተኛ ከየትም አገር ብትመጣ በኦሊምፒክ ቦታ አልነበራትም። የሴቶች የዓለም ሻምፒዮና የተጀመረው በ1950 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር በሬምስ ከተማ ሲሆን ያሸነፈችውም የሉክሰምበርግዋ ኤልሲ ያኮብስ ናት። በኦሊምፒክ ግን እስከ 1976 ዓ.ም.፣ እስከ ሎስ አንጀለስ ድረስ፣ መጠበቅ ግድ ሆነ።

ደመወዝ የሌላት ልጅ የት ትደርሳለች ለሚል ሰው የሐምሌ 18 ቀን 2013 ዓ.ም. የቶኪዮ ውድድር ይነገረው። በዚያ ቀን የእኛዋ ሰላም አምሃም በመነሻው መስመር ላይ ነበረች። 137 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነውን ጎዳና ያሸነፈችው ግን አና ኪዘንሆፈር የምትባል ከኦስትሪያ የመጣች የሒሳብ ሊቅ ናት፤ ቀጥሮ ደመወዝ የሚከፍላት የብስክሌት ቡድን አልነበራትም። ውድድሩ እንደ ተጀመረ ከአራት ሴቶች ጋር ከጓዱ አፈተለከች፤ ከእነዚያም አንዷ ከናሚቢያ፣ አንዷ ከደቡብ አፍሪካ ነበሩ። በኋላ ብቻዋን ቀጠለች። የታወቁት ባለሙያዎች ከፊታቸው ሰው መኖሩን ዘነጉ፤ ሁለተኛ የወጣችው ሆላንዳዊቷ አኔሚክ ፋን ፍሎይተን መስመሩን ስታልፍ ያሸነፈች መስሏት እጇን አነሣች። ኪዘንሆፈር ከገባች ግን 75 ሴኮንድ አልፎ ነበር።

ለሴት ብስክሌተኛ የሚያስቸግረው መውደቅ ብቻ አለመሆኑንም አልሸሽግም። ከትግራይ የተነሣችው እየሩ ገብሩ በስዊዘርላንድ በኤግል ከተማ በሚገኘው የዓለም የብስክሌት ማእከል ሠልጥናለች። በ2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ከተነሣ በኋላ በፈረንሳይ አገር ጥገኝነት ጠየቀች። ሐምሌ 28 ቀን 2016 ዓ.ም. በፓሪስ ኦሊምፒክ የተወዳደረችው በስደተኞች ቡድን ስም ነው። በመስከረም 2018 ዓ.ም. ደግሞ የዓለም የጎዳና ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አፍሪካ መጥቶ በኪጋሊ ተደረገ። ከጅማ እስከ ኪጋሊ ያለው መንገድ ከጅማ እስከ ሬምስ ካለው እጅግ ያጠረ ነው።

አባት ሆይ፤ ይህን የምናገረው በሬዲዮ ቢሆንም ለእርስዎ ነው፤ ፍርዴ ይኸውልዎ። ብስክሌቱ አይሸጥ። ነገር ግን ልጅዎ የራስ ቁር ሳታደርግ አትውጣ፤ የፍሬኑም ጎማ ይለወጥ፤ ሳየው ያለቀ ነበር። ብስክሌቱ ለረጅም ወንድ የተሠራ ስለ ሆነ ኮርቻው ዝቅ ይደረግላት። ማልዳ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ላይ ቡና ከጫኑ መኪኖች ጋር ከምትጋፋ ይልቅ፣ የከተማው ሹማምንት እሑድ ጠዋት ለሁለት ሰዓት ያህል አንድ ዙር መንገድ ለልጆች እንዲዘጉ ከጎረቤቶችዎ ጋር ሆነው ይጠይቁ። ዋጋው ጥቂት ገመድና ሁለት ዘበኛ ነው። በውድድሩም ከፊት ትሁን።

ቡናው ቀልቶ በማድረቂያ አልጋ ላይ ሲሰጣ ወደ ሰቃ እመለሳለሁ፤ የፍሬኑንም ነገር ያን ጊዜ አያለሁ።

ደኅና እደሩ።